ሲሚንቶ ከመቦካቱ በፊት

ዛሬ እዚህ ሞያሌ የምናገረው በድንጋይና በድንጋይ መካከል ስለሚገኝ ነገር ነው። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በጥርብ ድንጋዩ፣ በመስኮቱ ቅስት፣ በደወሉ ማማና በመስቀሉ ላይ ነው። እነዚህን ሁሉ አያይዞ ያቆመውን ቡኮ ልብ የሚለው ሲረግፍ ብቻ ነው። ሲረግፍም ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ያው የለመድነው ነው፤ ሲሚንቶ ይምጣ፣ ቀዳዳው ይደፈን፣ ግድግዳው ይለሰን። እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራን የቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ ማያያዣው ከምን እንደተቦካ ሳይመረመር፣ ማንም ሲሚንቶ ይዞ ሊጠጋው አይገባም እላለሁ። ይህን የምለው ለግንቡ ጤና ብቻ አስቤ አይደለም። የእነዚያን አብያተ ክርስቲያናት ፕላን የነደፈው ሚሲዮናዊው ወይም መሐንዲሱ ነው፤ ስሙም በጽሑፍ ተቀምጦለታል። ኖራውን ያቃጠለው፣ አሸዋውን የነፋው፣ ቡኮውን ያቦካው ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ በየትም አልተጻፈም። ከእጁ የቀረን ማስረጃ ያው ቡኮው ነው። ሳንመረምረው ፍቀን ስንጥለው የምንደመስሰው የእሱን ድርሻ ነው።

ይህ ጉዳይ ሞያሌን ምን አገባት የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1907 ምኒልክና እንግሊዝ ስለ ድንበሩ ከተዋዋሉ በኋላ፣ ከመስመሩ በስተ ደቡብ ያለው አገር የሰሜን ድንበር ወረዳ ተብሎ ለረጅም ዘመን ያለ ፈቃድ የማይገባበት ዝግ ግዛት ሆኖ ኖሯል። ሚሲዮኖች በባሕሩ ዳርቻና በደጋው ኬንያ እንዳደረጉት በዚህ በኩል በስፋት አልገነቡም፤ የማርሳቢት የካቶሊክ ሀገረ ስብከት እንኳ የተቋቋመው ከነጻነት በኋላ በ1964 ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን አብያተ ክርስቲያናት የሚፈልግ ሰው ወደ ሞምባሳ፣ ወደ ራባይ፣ ወደ ማይ ማሂዩ መውረድ አለበት፤ ወይም ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ጎንደርንና ጎርጎራን ማየት አለበት። ሞያሌ ግን የእነዚህ ሁለት የግንብ ታሪኮች መገናኛ ናት። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ስደተኞች ከዚህ ድንበር ወዲህ ተሻግረው ኢሲኦሎ ሰፍረዋል። በሐምሌ 1940 ጣልያኖች የእንግሊዝን የሞያሌ ምሽግ ያዙ፤ በ1941 ለቀው ወጡ። በዚያው የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ተማርከው ወደ ኬንያ የተወሰዱ ኢጣሊያውያን ናይሮቢን ከናይቫሻ የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠሩ፣ በ1942 በስምጥ ሸለቆው ቁልቁለት ግርጌ ትንሿን የማይ ማሂዩ ጸሎት ቤት ገነቡ። ዛሬም ሲሚንቶው በኢሲኦሎ አስፋልት ወደ ሰሜን ይመጣል፤ ግንበኛውም ከወዲህም ከወዲያም ድንበሩን እየተሻገረ እንጀራውን ይበላል። ያንን ሲሚንቶ የት ማዋል፣ የት መተው እንዳለብን የሚነግረንን እውቀት ታዲያ ለሌላ ከተማ የምንተወው ለምንድን ነው?

ለመጀመሪያ ያህል ኖራ ምን እንደሆነ እንይ። የኖራ ድንጋይ፣ ዛጎል ወይም ኮራል 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 100 ኪሎ ቢቃጠል 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄድና 56 ኪሎ ጥሬ ኖራ ይቀራል። ይህ ጥሬ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይፈረካከሳል፣ እንደ ውሃው መጠን ዱቄት ወይም ሊጥ ይሆናል፤ ኖራን ማብረድ የሚባለው ይህ ነው። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ደግሞ ያጣውን ጋዝ ከአየር ላይ ጥቂት በጥቂት እየመለሰ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። መመለሱ ወራትና ዓመታት ይፈጃል፤ በወፍራም ግንብ ልብ ውስጥ ከዚያም በላይ ይቆያል። ሲሚንቶ ጠባዩ ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 ፖርትላንድ በሚል ስም ያስመዘገበው፣ ኋላም እየተሻሻለ ዛሬ የምናውቀው ሲሚንቶ፣ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አብረው በብርቱ እሳት ተቃጥለው ክሊንከር የተባለ ጓል ከሆኑ በኋላ የሚፈጭ ዱቄት ነው። አየር ሳይጠብቅ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ በሰዓታት ውስጥ ይይዛል። ለድልድይ፣ ለግድብና ለፎቅ ይህ ፍጥነቱና ጥንካሬው በረከት ነው። በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ ላይ ሲለጠፍ ግን ጠባያቸው አይገጥምም።

ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ እንውረድ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ለአማርኛ አድማጭ እንግዳ ስም አይደለም። በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የኖረ፣ ወደዚያ መመለስ ሲከለከል በ1844 ሞምባሳ የደረሰ፣ ከዚያም ከዮሐንስ ሬብማን ጋር ራባይ ላይ ሚሲዮን የከፈተ ሰው ነው። በ1870ዎቹ ደግሞ ከባሪያ ፈንጋይ መርከብ ነጻ የወጡ አፍሪካውያን የሚሰፍሩባት ፍሬር ታውን ከሞምባሳ ደሴት ማዶ ተቆረቆረች፤ በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታትም አማኑኤል የተባለው ቤተ ክርስቲያን ተሠራላት። የሞምባሳ መታሰቢያ ካቴድራል በ1903 መሠረቱ ተጥሎ በ1905 ተባረከ። በዚህ ዳርቻ የቆየው የግንብ ድንጋይ ኮራል ነው፤ ቀላል፣ ለስላሳ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ድንጋይ። ኖራውም የሚቃጠለው ከዚያው ከኮራል ነበር። ማገዶው በክብ ይደረደራል፣ የተሰባበረ ኮራል ከላዩ ይከመራል፣ እሳት ይለቀቅበታል፤ ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ሥራ ላይ እስኪውል ተከማችቶ ይቆያል። ይህን ሙያ ሚሲዮናውያኑ አላመጡትም። ስዋሂሊዎች የጥንቷን የጌዲ ከተማ መስጊዶችና ቤቶች ከመቶዎች ዓመታት በፊት ያነጹበት ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ ሞምባሳ ላይ ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ ሲያቆሙ የተጠቀሙት የዳርቻውን ኮራልና ኖራ ነው፤ ከዚያ በፊት ማሊንዲ ላይ የሠሯት ትንሽ ጸሎት ቤትም የኮራል ግንብ ናት። እንግዲህ ቅስቱ ከአውሮፓ ሥዕል ይቀዳ እንጂ፣ በኮራልና በኖራ በተሠራበት ሁሉ ሙያው የዳርቻው ሰው የራሱ ነው።

እስቲ አንድ ቁራጭ ቡኮ ወደ ዓይናችን እናቅርብ። የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል፤ ዝናብ ከማይደርስበት፣ የኋላ ጥገናም ካልነካው የግንቡ ክፍል በቀጭን መሮ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። እንደተሰበረ፣ ሳይታጠብ፣ በማጉያ መነጽር ይታያል። በግራጫው መሬት ላይ ጤፍ የሚያክሉ፣ አንዳንዴም እንደ ሽምብራ ከፍ የሚሉ ነጫጭ እንክብሎች ተበትነዋል፤ በጥፍር ሲጫኗቸው ይደቅቃሉ። ከአሸዋው ጋር ያልተዋሐደ ኖራ ናቸው። የቡኮው ሠራተኛ ኖራውን በወንፊት አለመንፋቱን፣ ወይም ጥሬ ኖራውን ከአሸዋው ጋር አንድ ላይ ማብረዱን ይናገራሉ። አጠገባቸው ጥቁር የከሰል ፍንጣሪ አለ፤ ማገዶውና ድንጋዩ ተደባልቀው መቃጠላቸውን ያመለክታል። የተጠማዘዘ የዛጎል ስባሪ ካለ አሸዋው የመጣው ከባሕር ነው፤ ክብ ክብ ያለ፣ የተለሰለሰ የኳርትዝ ፍሬ ከሆነ ወንዝ አንከባሎታል። ቀይ ፍርካሽ ከታየ የተፈጨ ሸክላ ወይም ጡብ ገብቶበታል፤ ይህ ኖራው እርጥበት ባለበት ቦታ እንዲይዝ የሚረዳ የጥንት ዘዴ ነው። ጠቆር ያለ ብርጭቆ የሚመስል ቅንጣት ከታየ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያልራሰ የሲሚንቶ ክሊንከር ሊሆን ይችላል፤ የግንቡም ታሪክ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ ያወጣነው ወጪ የአንድ መነጽር ዋጋ ነው።

ቀጥሎ አሲድ ይመጣል። ይህ ምርመራ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን በ1756 ለኤዲስቶን የመብራት ማማ የሚሆን ኖራ ሲፈልግ የየአካባቢውን የኖራ ድንጋይ በናይትሪክ አሲድ እያሟሟ የሚቀረውን ሸክላ መርምሯል። ሸክላ ያለበት ድንጋይ ውሃ ውስጥ የሚይዝ ኖራ እንደሚሰጥ ያወቀው በዚህ መንገድ ነበር። ዛሬ የሚሠራው በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ናሙናው ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ ፍሬው ሳይደቅ በእርጋታ ይፈረካከሳል፣ አሲዱ ይጨመርበታል። አረፋው ሲያበቃ ኖራው ሟሙቶ አሸዋው በሥር ይቀራል፤ ይጠለላል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል፣ በተለያየ ወንፊትም ይነፋል። 100 ግራም ቡኮ 70 ግራም አሸዋ ቢተው የሟሟው 30 ግራም ነው። ይህ 30 ግራም ድንጋይ የሆነው ኖራ ስለሆነ፣ ሲቦካ የነበረውን የበረደ ኖራ ለማግኘት በ0.74 ይባዛል፤ 22 ግራም ያህል ይመጣል። በሚዛን አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ትንሽ ለሚበልጥ ማለት ነው። ግንበኛ ግን በሚዛን አይሠራም፤ በባልዲ ወይም በቅርጫት ይሰፍራል። የኖራ ዱቄት ከአሸዋ እጅግ ስለሚቀል ያው ቡኮ በስፍር ሲታሰብ ወደ እኩል ለእኩል ይጠጋል። ይህን ያላስተዋለ ጠጋኝ የላቦራቶሪውን ወረቀት አይቶ ሦስት ባልዲ አሸዋ ለአንድ ባልዲ ኖራ ቢያቦካ፣ ከአባቶቹ ቡኮ የከሳ፣ ቶሎ የሚረግፍ ሥራ ይሠራል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራው ይበላሻል።

አሲዱ ራሱም የሚያሳስትበት ቦታ አለ፤ ቦታውም የኬንያ ዳርቻ ነው። የኮራል አሸዋና የዛጎል ስባሪ ከኖራው ጋር በኬሚካል አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ስለዚህ አሲዱ ማያያዣውንም አሸዋውንም አብሮ ይበላል። ዕቃው ባዶ ሲሆን መርማሪው ግንቡ ያለ አሸዋ በንጹሕ ኖራ ተሠርቷል ሊል ይችላል፤ ፈጽሞ ያልተደረገ ነገር። ይህን ስሕተት የሚያርመው ስስ ቁራጭ ነው። ቡኮው በሙጫ ከተጠናከረ በኋላ በመስታወት ላይ ተለጥፎ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ይፋቃል፤ ብርሃን ያልፍበታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የዛጎሉ ሽፋን፣ የኮራሉ ክፍልፋይ፣ የኖራው ጭቃ እያንዳንዱ በመልኩ ይለያል። ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን የማዕድኖቹን ዓይነት ይለያል፤ ናሙናውን እያሞቀ የክብደቱን መቀነስ የሚከታተለው ምድጃ ደግሞ ስንት ውሃና ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደወጣ ይናገራል። ነገር ግን መሣሪያ በመብዛቱ ብቻ እውነት አይገኝም። ናሙናው ከየትኛው ግድግዳ፣ በስንት ከፍታ፣ ከስንት ጥልቀት እንደተወሰደ ካልተጻፈ፣ ውድ የሆነው መሣሪያ የሚሰጠው መልስ የማን ግንብ መልስ እንደሆነ አይታወቅም።

ምርመራው አፈ ታሪክንም በአክብሮት ይፈትናል። ስለ አሮጌ ግንብ በብዙ አገር የሚነገር ነገር አለ፤ በእንቁላል ተቦክቶ ነው፣ ወተት ገብቶበት ነው ይባላል። በፊሊፒንስ በስፔን ዘመን ስለተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት የእንቁላሉ ወሬ እስከ ዛሬ አለ። የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ቶሎ ይንቃል፤ መናቁ ግን ስንፍና ነው። በቻይና ጥንታዊ ግንቦች ላይ የተደረገ የኬሚካል ጥናት ኖራው ውስጥ የሚያጣብቅ የሩዝ ሙቅ መግባቱን አረጋግጧል፤ የሩዙ ስታርችም የኖራውን ክሪስታል አድቅቆ ቡኮውን እንዳጠበቀው ታይቷል። የሽማግሌዎቹ ወሬ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሌላ ቦታ ደግሞ ምንም አይገኝም። ልዩነቱን የሚያውቀው የመረመረ ብቻ ነው። በሲሚንቶ ተደፍኖ ያለፈ ግንብ ግን ከእንግዲህ ቢጠየቅም አይመልስም።

አሁን ወደ ሰሜን። ጎንደርና ጣና ዙሪያ ያሉት የሚሲዮን ግንቦች የቅኝ ግዛት ሥራ አይደሉም፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ቅኝ አልተገዛችም። ነገር ግን የውጭ ሚሲዮንና የአገሬው ግንበኛ የተገናኙባቸው ናቸውና ለክርክሬ የቅርብ ምስክሮች ናቸው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበትና በ1632 ዙፋኑን ለፋሲል እስከለቀቁበት ባለው ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የሆኑት ኢየሱሳውያን በጎርጎራ፣ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎጃም መርጡለ ማርያም ገንብተዋል። አብዛኛው የአገሩ ግንብ በጭቃ በሚያያዝበት ጊዜ በእነዚህ ሥራዎች ኖራ ገባ፤ የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎችም የኖራ ድንጋይ በአገሩ መገኘቱን ከሕንድ ከመጣ ባለሙያ ጋር ያያይዙታል። ፋሲል ከነገሡ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ኖራው ግን ቀረ፣ የጎንደር አብያተ መንግሥትም በእሱ ቆሙ። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከቪክቶር ፈርናንዴዝ ጋር የእነዚህን ቦታዎች ፍርስራሽ በሰፊው አጥንተው በ2017 መጽሐፍ አውጥተዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሃይማኖቱ ተጥሎ ሙያው ሲወረስ የምናየው በድርሳን ሳይሆን በግንቡ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የጎንደርን ግንቦች በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠገነ፤ ኋላ የመጡት ጥገና ሠሪዎች ያንን እየፈነቀሉ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው። በላሊበላም ግንብ ባይሆንም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ በ1950ዎቹ ውቅሮቹ ላይ የተቀባው ሬንጅ እርጥበቱን አፍኖ ስላስቸገረ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣልያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ተላጠ። ጥድፊያ ሁለት ጊዜ አስከፍሏል፤ አንዴ ሲቀባ፣ አንዴ ሲፋቅ።

ይህን ክርክሬን የሚገጥሙት ተቃውሞዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከግንበኛው ይመጣል፤ ሲሚንቶ ይበልጥ ይጠነክራል፣ የጠነከረ ደግሞ ይሻላል ይላል። ጥንካሬው እውነት ነው። የኖራ ቡኮ የሚሸከመው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሜጋ ፓስካል ሲሆን የሲሚንቶው በቀላሉ ከ10 ያልፋል። ግንቡ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። መሬቱ ሲንቀሳቀስ፣ ቀን ሙቀት ሌሊት ብርድ ሲፈራረቅ፣ ግድግዳው በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ኖራው ለስላሳ ስለሆነ እንቅስቃሴውን በብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይከፋፈለዋል፤ ዝናብ የሚያሟሟው ጥቂት ኖራም ወደ ስንጥቁ ገብቶ ይደርቅና ይደፍነዋል። ሲሚንቶው እሺ አይልም፤ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው የውሃው ነገር ነው። ከመሬት በግንቡ ውስጥ የሚወጣ እርጥበት ቀድሞ በኖራው መገጣጠሚያ በኩል ይተን ነበር። መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ሲታተም ውሃው ያለው መውጫ ድንጋዩ ብቻ ነው፤ ሲወጣ ይዞት የመጣውን ጨው በድንጋዩ ቆዳ ሥር ጥሎ ይሄዳል። ጨው ክሪስታል ሲሆን ያብጣል፤ ድንጋዩ እየተላጠ ይረግፋል። በባሕር አጠገብ ባለ የኮራል ግንብ ላይ ይህ ጥፋት በጥቂት ዓመታት ይታያል፤ ሲሚንቶው እንደ አጥንት ገጥጦ፣ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ። ማያያዣ ከድንጋዩ ደከም ማለት አለበት፤ ቢጎዳም እሱ ይጎዳ፣ እሱ ይተካል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው፤ ላልፈውም አልፈልግም። እነዚህ የገዢዎች ግንቦች ናቸው፤ መሬታችንን በወሰዱ ሰዎች ዘመን፣ በእነሱ ፈቃድ የቆሙ ናቸው፤ አፍሪካዊ ለእነሱ ቡኮ ገንዘቡንና ዕውቀቱን ለምን ያፈሳል? ይህን የሚል ሰው ቁጣው ከታሪክ የመጣ ነውና አላቃልለውም። ነገር ግን ግንቡን የገዢው ብቻ ያደረገው የቆየው አጻጻፍ ነው፤ ያንን አጻጻፍ እኛ ለምን እንቀጥለዋለን? ዛንዚባር ላይ ሚሲዮናዊው ኤድዋርድ ስቲር በ1873 የጀመረው ካቴድራል የቆመው በባሪያ ገበያው ቦታ ላይ ነው። ፍሬር ታውን የነጻ ወጪዎች መንደር ነበረች። ማይ ማሂዩ የምርኮኞች እጅ ሥራ ነው። በእነዚህ ቦታዎች መዝገቡ የሚናገረው ስለ ጳጳሱ፣ ስለ ገዢው፣ ስለ ለጋሹ ነው። ሠራተኛው ምን ያውቅ እንደነበር የምናውቀው ግን ኖራውን እንዴት እንዳበሰለ፣ አሸዋውን ከየት እንደመረጠ፣ ስንት እጅ እንደሰፈረ ስንመረምር ነው። የዳርቻው ኖራ አቃጣይ በእንግሊዝ ፕላን ላይ የራሱን መጠን ከተጠቀመ፣ ያ ግንብ ከግማሽ በላይ የእሱ ነው። ምርመራው ገዢውን ለማክበር የሚደረግ አይደለም፤ ከመዝገብ የተሰረዘውን ሰው በማስረጃ ለመመለስ ነው። ግንቡን ጠልተን ቡኮውን ብናጠፋ የምንጎዳው የራሳችንን አያት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የካህኑና የምእመኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ናት እንጂ ቤተ መዘክር አይደለችም፤ ዝናቡ ሲገባ ላቦራቶሪ የሚጠብቅ የለም፤ ገንዘቡም የለም ይላሉ። ጣራው ሲያፈስ ጣራው ዛሬውኑ ይሸፈን፣ የሚወድቅ ግድግዳ በእንጨት ይደገፍ፤ ለዚህ ማንም ምርመራ አይጠብቅ። መገጣጠሚያ መሙላትና መለሰን ግን ለአንድ ወቅት መቆየት የሚችል ሥራ ነው። ናሙናውም ቅዱሱን ስፍራ አይደፍርም፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመክሮ፣ ካህኑ በፈቀዱበት፣ ከመቅደሱ ርቆ ከማይታይ ቦታ ጥቂት ቁራጭ ይወሰዳል። ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም፤ መነጽር፣ ሚዛን፣ ወንፊት፣ አሲድና ጓንት ለብዙ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ አሲዱን አየር በሚገባበት ቦታ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ይያዘው። ለቀረው ጥያቄ በናይሮቢም በአዲስ አበባም የጂኦሎጂ ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በኬንያ የ2006ቱ የብሔራዊ ሙዚየሞችና ቅርስ ሕግ፣ በኢትዮጵያም የ2000ው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ በሕግ ለተጠበቀ ቅርስ ያለ ፈቃድ እጅ ማስገባትን ይከለክላሉና፣ ምርመራው ከሕግም ጋር ያስማማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለራሴ ወገን፣ ኖራን ለምንወድድ ሰዎች፣ መናገር አለብኝ። ኖራ ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ አይደለም። የዛንዚባሩ ካቴድራል ጣራ የተሠራው ሲሚንቶ ከተፈጨ ኮራል ጋር ተደባልቆ ነው፤ ያም ሆኖ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ኬንያ ውስጥ በ1933 ከውጭ የመጣ ክሊንከር ናይሮቢ ላይ መፈጨት ጀመረ፤ የባምቡሪ ሲሚንቶ ኩባንያ በ1951 ተቋቋመ። በኢትዮጵያ የድሬዳዋው ሲሚንቶ ፋብሪካ የጣልያን ወረራ ዘመን ሥራ ነው። ስለዚህ በ1942 የተሠራች እንደ ማይ ማሂዩ ያለች ጸሎት ቤት ሲሚንቶ፣ ኖራ ወይም ሁለቱን የደባለቀ ቡኮ ሊኖራት ይችላል፤ አሮጌ ናትና ኖራ ይገባታል ብሎ መፍረድ ሲሚንቶ ይሻላል ከማለት አይለይም። ሁለቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ናቸው። ዘመኑን ከቡኮው ማወቅ የሚፈልግም ዘዴውን ይምረጥ። ኖራ ሲይዝ የሚወስደው ካርቦን የዚያን ዓመት አየር ስለሆነ፣ በፊንላንድ የኦላንድ ደሴቶች ሰነድ የሌላቸው የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በራዲዮ ካርቦን ዕድሜያቸው ተገምቷል። ለ18ኛውና ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ግን ዘዴው የሚሰጠው ዘመን በጣም ሰፊ ነው፤ ሲሚንቶ ከገባበት ይበልጥ የሚረዳው የክሊንከሩ ቅንጣት መጠንና የሲሚንቶው የአፈጫጨት ዓይነት ነው። የቀድሞው ሲሚንቶ በሸካራው የተፈጨ ነበርና በማይክሮስኮፕ ይታወቃል።

ሞያሌ በምትገኝበት ቆላማ፣ ነፋሻና ዝናበ ጥቂት አገር አንድ የሥራ ጉዳይ ይጨመራል። ኖራ የሚይዘው ከአየሩ ጋዝ እየወሰደ ነው፤ ጋዙን ለመውሰድ ደግሞ ጥቂት እርጥበት ይፈልጋል። በዚህ ፀሐይ ዛሬ የተሞላ መገጣጠሚያ ነገ ደርቆ ዱቄት ሊሆን ይችላል። የራሰ ጆንያ ማልበስ፣ ጧትና ማታ ውሃ መርጨት፣ ድንጋዩን ከመሙላት በፊት ማራስ ግድ ነው። ኖራ አይሠራም ብለው ከሚያማርሩት ብዙዎች የተበላሸባቸው ቡኮው ሳይሆን እንክብካቤው ነው። ወጣት ግንበኞቻችን ይህን ቢማሩ ጥቅሙ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ በድንበሩ በሁለቱም በኩል የቆዩ የመንግሥት ቤቶች፣ ምሽጎች፣ መስጊዶችና ሱቆች የሚጠብቁት ይህንኑ ሙያ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ የተወሰነ ነገር ነው። የምታስተዳድሩት ወይም የምትሳለሙበት አሮጌ ግንብ ካለ፣ ከመጋቢቱ ዝናብ በፊት ግድግዳውን ዙሩት፤ የትኛው መገጣጠሚያ የመጀመሪያው፣ የትኛው የኋላ ሲሚንቶ እንደሆነ በሥዕል ላይ አመልክቱ። ከመጀመሪያው ላይ አንዳንድ ቁራጭ ወስዳችሁ በየብልቃጡ አስቀምጡ፤ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጻፉበት፤ ጽሑፉን በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ አኑሩት። ግንበኛ ስትቀጥሩ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ግድግዳው በምን እንደተያያዘ ይሁን፤ መልሱን ሳያገኝ ሲሚንቶ የሚያቦካውን አትቅጠሩት።